ሳይከፍል የተሻገረው

አርባ ሁለት ዓመት ቲሳ ወንዝ ላይ ኖሬ፣
ሰው፣ ብስክሌት፣ ፍየል፣ ሙሽራ አሻግሬ፣
ሳይከፍል የወረደ አንድም ሰው አላውቅም፤
ሆዴን ግን “ማን ገባ?” ብዬ አልጠይቅም።

ፖስታ አመላላሹ ጭጋግ ባለው ማለዳ
ሳጥን ይዞ መጣ፣ የማላውቀው ዕዳ።
“ከሴጌድ ነው” አለ፣ “ከላቦራቶሪ፤
ሁለት ነው፤ ያንተና የሚስትህ፣ የፒሪ።”
ከፈትኩት። ማንኪያ አለው፣ ብልቃጥም ለእሱ፤
“ከሰገራዎ ላይ ምስር ታህል ያንሱ።”
ሳቅሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ፣
የእኛ ጉድ ዘግይቶ በጥቅምት ወር ገባ!

ፒሪ አላንገራገረች፤ በማግስቱ ላከች፤
“የዓሣ ሆድ ስትቀድ ኖረህ ታፍራለህ ወይ?” አለች።
የእኔን ከመደርደሪያ፣ ከመንጠቆ አጠገብ፣
ሦስት ሳምንት አስቀመጥኩ፣ ሳልነካው፣ ሳላነብ።

ወንድሜም አፍሮ ነው። ካልማን፣ ያ ዝምተኛ፣
“ሆድ ይፍጀው” እያለ ለሐኪሙ፣ ለእኛ፤
ሆዱ ቃሉን ሰምቶ፣ እንደታዘዘ ፈጀው።
በሚያዝያ ቀበርነው። ዝምታ መች በጀው!

አንድ ቀን ሌሊት ላይ፣ ተቆልፎ በሩ፣
ማንኪያዋን ጨበጥኩ፤ “እንግዲህ ይቅር ክብሩ!”

ዘጠኝ ቀን ቆይታ ደወለች ኤመሼ፤
ስልኩን እንደያዝኩት ቁጭ አልኩ ተልፈስፍሼ።
“የፒሪስ?” “ንጹሕ ነው።” ተመስገን አልኩኝ፤
የራሴን ልጠይቅ ስል ቃል አጠረኝ።
“ዴዦ ባቺ፣” አለችኝ፣ “ፍርድ አይምሰልዎት፤
በር ማንኳኳት ነው፤ ገብተን እንይልዎት።”

ሄድኩኝ ሴጌድ ድረስ። ያንን አሳየችኝ፤
መዳፏ ላይ አድርጋ “ይኸው እሱ” አለችኝ።
ጥፍር የማትሞላ የወርቅ ቅጠል ናት፣
ዓይን የማያየው ክር የተተከለባት።
እያንዳንዱም ክር አንድ ስም ብቻ ያውቃል፤
በሺህ ተሳፋሪ መሃል አንዱን ይጠብቃል።
ያ የመጣ እንደሆን ክሩ ይታጠፋል፤
ቅንጣት ኤሌክትሪክ በወርቁ ላይ ያልፋል።
ዓሣ አጥማጅ ነኝና ወዲያው ገባኝ ነገሩ፤
መንጠቆ ነው፤ ካንድ ዓሣ ሌላ አይዝም ክሩ።

“ማነው ታዲያ የያዝነው?” ስሙን ጠራችልኝ፤
ረጅም የላቲን ስም፤ ምላሴ እምቢ አለኝ።
ባክቴሪያ ነው፤ ቤቱ አፍ ነው፣ የድድ ሥር፣
ከእኔው ጋር የበላ፣ ከእኔው ጋር የሚያድር።
ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን፣ ያለ ትኬት፣ ያለ ዋጋ፣
ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወርዶ ከአንጀት ዳር ተጠጋ።
ዕጢ ካለበት ዳር ወደብ አገኘና
ዘመድ አዝማድ ጠራ፣ ገመድ አሰረና።

ስንቱን መንገደኛ በሒሳብ የያዝኩት፣
እኔ ሳፍር፣ ሳፍር፣ እሱን አሳፈርኩት።

ኅዳር ላይ አስተኙኝ፤ ካሜራ ላኩብኝ፤
ስነቃ ፒሪ ናት፣ ፖም እየላጠችልኝ።
“የቼሪ ፍሬ ናት፤ ገና ሥር አልሰደደች፤
ሙሉዋን ቆርጠናታል” አለ። ፒሪ አለቀሰች።
እኔ አላለቀስኩም። ካልማን ትዝ ብሎኝ፣
የጣሪያውን መብራት ስቆጥር መሸብኝ።
ሳጥኑ ቢደርሰው ይልከው ነበር ወይ?
አላውቅም። ወንድሜ ነው፤ ይቆይ ይላል፣ ይቆይ።

በረዶው ቀለጠ። ጀልባዬን አወጣሁ።
ለሚሳፈር ሁሉ “ሳጥኑ ደረሰህ?” እላለሁ።
አንዱ ይስቅብኛል። አንዱ አቀርቅሮ
ውሃ ውሃውን ያያል፣ ሳጥኑን ቀብሮ።
ለዚያኛው ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ እቀዝፋለሁ፤
ማዶ ሳንደርስ ገና፣ ስለ ካልማን አወራለሁ።